እትዬ ሽቦ በጌም ማጫወቻ የሠሩት ሲኒማ ቤት

መምህሯ የባሏን ታላቅ እህት ለሃያ ስድስት ዓመት ያህል አልወደደቻቸውም። ጠላቻቸው ማለት አይደለም። ሲመጡ ወንበር ትስባለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ "እትዬ" እያለች በአክብሮት ታነጋግራቸዋለች። ግን በሩ ሲንኳኳና ያ የታወቀ የመሣሪያ ቦርሳ ሲንቋቋ ስትሰማ፣ ትከሻዋ ሳታዝዘው ወደ ጆሮዋ ይሰበሰባል።

ምክንያቱም እትዬ ሽቦ እንግዳ መሆን አይችሉበትም። ሰው ቤት ገብተው አረፍ ሲሉ፣ ገና ሻዩ ሳይቀዳ፣ ዓይናቸው ግድግዳውን መልቀም ይጀምራል። "ያ ማብሪያ ማጥፊያ ለምን ተንሻፈፈ?" ይላሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ካቻቪቴው ከቦርሳ ወጥቷል። አንድ ጊዜ አዲስ ሬዲዮ ተገዛ ሲባል እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ መጥተው፣ ሬዲዮውን ምግብ ጠረጴዛው ላይ በታትነው፣ "ውስጡ ንጹሕ ሥራ ነው፤ አልተሸወዳችሁም" ብለው መልሰው ገጥመው ሄደዋል። በመምህሯ ሠርግ ቀንም ድምፅ ማጉያው ድንገት ጸጥ ሲል፣ የሙሽራው እህት በአዲስ ቀሚሳቸው መድረኩ ሥር ገብተው ከአንድ ሰዓት በኋላ አቧራ ጠግበው ወጡ። ከሠርጉ ፎቶዎች እሳቸው የሚታዩት በአንዱ ብቻ ነው። እሱም ከመድረኩ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ናቸው።

ሽቦ የሚለው ስም የወጣላቸው በወጣትነታቸው የስልክ ጥገና ክፍል ሲሠሩ ነው። እንደ ሽቦ ቀጭን ናቸው፤ ሌላው የማይገባበት ጠባብ ቦታ ሁሉ ይገባሉ፤ ሰው ሊያጥፋቸው ሲሞክርም ተመልሰው ቀጥ ይላሉ። ጡረታ ሲወጡ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ሁለት ሜትር በሦስት የምትሆን ክፍል ይዘው ቴሌቪዥን፣ ቴፕ፣ ካውያ፣ ምኑንም ምናምኑንም መጠገን ጀመሩ። አግብተው አያውቁም። ለምን እንደሆነ ለሚጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው። "የመጣው ሁሉ ደህና ነኝ ይለኛል። ደህና ነገር እኔ ምን አደርግለታለሁ?"

ታናሽ ወንድማቸው፣ የመምህሯ ባል፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ተሳፋሪው "ቀስ በሉ" ይለው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ ከአርባ በላይ ሄዶ አያውቅም ይባላል። የረፈደበት ሰው ሲጮህበት በመስታወቱ ቀና ብሎ ያየውና "ቀስ በሉ፤ ሁላችንም እንደርሳለን" ይለዋል። እውነትም ያደርሳቸዋል።

ከመሪው ሌላ የሚወደው ነገር ቢኖር ፊልም ነው። መምህሯንም ያገባት ለአንድ ዓመት ሙሉ ሲኒማ ቤት ሲያመላልሳት ከርሞ ነው። ዝም ብሎ የሚያይ ሰውም አልነበረም። ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ካለ አዳራሹ መሃል ተነሥቶ "ፎከስ!" ብሎ ይጮሃል። ያኔ መምህሯ በእፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ቆይታ ግን ያንን ጩኸት ወደደችው። ለሚወደው ነገር ግድ የሚለው ሰው እንደሆነ የገባት በዚያ ነበር።

ነገሩ የደረሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ገበያው መታጠፊያ ሊደርስ ሲል ቀኝ እጁ መሪው ላይ ደነዘዘ፤ ወዲያው ጣቶቹ የሌሉ ያህል ሆኑ። እሱ ግን በግራ እጁ ብቻ መሪውን ይዞ እስከ ፌርማታው አደረሳቸው። ቆመ። በግራ እጁ ተንጠራርቶ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ በሩን ከፈተ። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅም ጠበቀ። የመጨረሻዋ ሴትዮ ወርዳ ዞር ስትል ነው መሪው ላይ ተደፍቶ ያየችው።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቱ ሲገባ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ የተቀመጠ፣ ቀኝ እግሩ የሚጎተት፣ አፉ ደግሞ የተቆለፈ ሆነ። የቀሩት ቃላት ሁለት ናቸው፤ "እሺ" እና "አይ"። እነሱም ቦታ ይለዋወጡበታል። ውሃ ትፈልጋለህ ሲባል "አይ" ብሎ እጁን ለብርጭቆው ይዘረጋል። ሰው የሚለው ሁሉ ግን ይገባዋል። ዓይኑ ይናገራል፤ አፉ እምቢ ይላል። መምህሯን አንጀቷን የበላው ይህ ነበር።

መጀመሪያ ቴሌቪዥን ያጽናናው ይሆናል ብላ አስባ ነበር። ሪሞቱ ግን የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሃምሳ ምናምን ቁልፎች አሉት። በግራ እጁ ይዞ በዚያው እጅ አውራ ጣት ሊጫን ሲል ይሾልክበታል፤ ወይም ያልፈለገውን ይጫናል። አንድ ቀን ከግድግዳ ጋር አላትሞ ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ አስዙሮ፣ ባዶውን የሳሎን ግድግዳ ፊት ለፊት እያየ መዋል ጀመረ። በሳምንት ሁለቴ እየመጣች የምታለማምደው ወጣቷ ፊዚዮቴራፒስት የጎማ ኳስ ሰጥታው "በቀኝ እጅዎ ይጭመቁት" አለችው። ኳሱን በግራ እጁ ከጭኑ ላይ ገፋው፤ ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባ። በሚቀጥለው ቀጠሮም እንዲሁ፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ።

እትዬ ሽቦ ወንድማቸው ሆስፒታል ሳለ በየቀኑ ይመጡ ነበር። አልጋው እግርጌ ቆመው ያዩታል፤ ቃል አይተነፍሱም። አንድ ቀን የክፍሉን ጣሪያ ማራገቢያ ጠግነው ሄዱ። ሌላ ዘመድ ሁሉ ሲያለቅስ የእሳቸው ዓይን ደረቅ ነበር። መምህሯ "ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጣቸው?" እያለች በሆዷ ታማቸው ነበር።

ቤት የመጡት እሱ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

"ሻይ ላቅርብልዎ እትዬ?" አለች መምህሯ።

"ቆይ" አሉና ወንድማቸው የሚያየውን ግድግዳ እሳቸውም ትኩር ብለው አዩት። ተጠግተው በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። በስንዝር ለኩት። "ሦስት ሜትር ይሆናል?"

"እኔ እንጃ እትዬ።"

"ይሆናል።" ዘወር አሉ። "የልጅቷ ጌም ማጫወቻ የታለ?"

ልጅቷ የሚሏት የመምህሯንና የሾፌሩን አንድያ ልጅ ነው። ሥራ ይዛ ሌላ ከተማ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

"ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ተበላሽቷል" አለች መምህሯ። "እንዲያው እትዬ፣ አሁን እሱ ጨዋታ የሚያምረው ይመስልዎታል?"

"ጨዋታ ማን አለ?"

ቁም ሣጥኑን ራሳቸው ከፈቱት። ጥቁሩን ማጫወቻ ከተጠቀለለበት ፎጣ አውጥተው እንደ ሕፃን ታቀፉትና ለወንድማቸው እየነገሩት በሚመስል ድምፅ አወሩ። "ሰው ይሄን ያያል፣ የልጅ መጫወቻ ነው ይላል። ይሄ እኮ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። የፊልም ዲስክ ያነባል። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ፊልም ያመጣል። ድምፁን የፊቱን ለፊት፣ የኋላውን ለኋላ ለያይቶ ይልካል። ቤቴን ሲኒማ አደርጋለሁ የሚል ሰው አራት ዓይነት ዕቃ ይደረድራል፤ ይሄ አንዱ የአራቱን ሥራ ይሠራል። ሪሞቱ ደግሞ ይሄ ነው።" ጆይስቲኩን አንስተው የወንድማቸው ጭን ላይ አኖሩት። "በሁለት እጅ ይያዛል፤ አይሾልክም። ቁልፎቹም ለሰው ጣት የተሠሩ ናቸው።"

ሾፌሩ አላነሳውም። አልገፋውምም።

በማግሥቱ የቤቱ ሰላም አከተመ። ማጫወቻው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተበታተነ። በውስጡ ካለው ማራገቢያ የወጣው አቧራ ድመት ያህላል። ብሎኖቹ በየስኒ ማስቀመጫው ተደርድረው መምህሯ ስኒ የምታሳርፍበት አጣች። ከሱቃቸው አሮጌ አምፕሊፋየር መጣ። ከተዘጋ የስብሰባ አዳራሽ የተረፉ አምስት ስፒከሮች መጡ፤ አንዱ የልብስ ሣንዱቅ የሚያህል ቤዝ ነው። አንድ ትምህርት ቤት አምፖሉ ሞተ ብሎ የጣለው ፕሮጀክተርም መጣና እትዬ ሽቦ አዲስ አምፖል ከየትም ፈላልገው አበሩት። ከዚያ ግድግዳውን ቀለም ለመቀባት ተነሡ። ነጭ እንዳይሉት ነጭ አይደለም፣ ግራጫ እንዳይሉት ግራጫ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ በጥብጠው ሦስት ጊዜ ደፉት።

በአምስተኛው ቀን መምህሯ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሳሎኑ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ በግድግዳው ጥግ ሁሉ ገመድ ይሄዳል፣ እትዬ ሽቦ መሰላል ላይ ናቸው። ትዕግሥቷ አለቀ።

"ቤቴን እኮ ጋራዥ አደረጉት!" አለች። "ሰው ታሞብኛል! ያልተኛሁት ስንት ቀኔ ነው! እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው እጁን አልያዙትም። አንድ ቀን እንኳ አላለቀሱለትም!"

እትዬ ሽቦ ከመሰላሉ ቀስ ብለው ወረዱ። ፒንሳውን በቀሚሳቸው ኪስ ከተቱ።

"ማልቀሱን አንቺ ትችይበታለሽ" አሉ፤ በክፋት አልነበረም። "እኔ ሐኪም አይደለሁም። አፉን መክፈት አልችልም። ይሄን ግን መክፈት እችላለሁ። የምችለውን ልሥራ ብዬ ነው።" ወደ መስኮቱ ዞር አሉና "መጋረጃ መስፋት ትችያለሽ አይደል? ወፍራም፣ ጥቁር። ፀሐይዋ በዚያ መስኮት እየገባች ሥራዬን ታበላሽብኛለች" አሉ።

መምህሯ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አኑራ ወደ ባሏ ሄደች። ያን ቀን ከሾፌሩ ጋር ስትቀመጥ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ወንበሩ አሁንም ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነው፤ እሱ ግን ግድግዳውን መመልከቱን ትቶ እህቱን እየተመለከተ ነበር። እትዬ ሽቦ አንድ ብሎን ጣሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አነሣና ዘረጋላቸው። "እሺ" አለ። በማግሥቱ መምህሯ ስምንት ሜትር ጥቁር ጨርቅ ይዛ ገባች።

የመጀመሪያው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። መጋረጃው ሲዘጋ ሳሎኑ ድቅድቅ አለ። እትዬ ሽቦ የመረጡት ባቡር ያለበት የድሮ ፊልም ነው፤ ሾፌሩና መምህሯ በእጮኝነታቸው ሁለት ጊዜ ያዩት። ግድግዳው ወደ መስክ ተለወጠ። ባቡሩ ከበስተኋላቸው ጀምሮ እየጮኸ፣ በጆሯቸው አጠገብ አልፎ፣ ወደ ፊት ሄደ። ቤዙ ወለሉን ሲያንቀጠቅጠው መምህሯ የባሏን ጉልበት ያዘች።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ ሁሉ ነገር ድርግም አለ።

"ሞተ" አለች መምህሯ።

እትዬ ሽቦ የእጅ ባትሪ አብርተው ተነሡ። ማጫወቻው መደርደሪያ ውስጥ ነው፤ የመደርደሪያው በር ተዘግቷል፤ እላዩ ላይ ደግሞ ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው አንሥተው "ይሄን ማን አለበሰው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አለች መምህሯ። "ጥቁሩ ነገር የሳሎኑን መልክ እንዳያበላሸው ብዬ።"

"ሙቀት አፍኖታል። ይሄ ነገር ይተነፍሳል፤ አፉም አፍንጫውም በጎንና በጎን ነው። ዳንቴሉ ያምራል፤ ለዶሮ ማቀፊያ ቢሆን ይሻላል።" በሩን ከፍተው ማጫወቻውን ወደ ውጭ ሳቡትና እፍ እፍ አሉበት። ከዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። መምህሯ ዞር ብላ ባሏን አየችው። እየሳቀ ነበር። ሳቁ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ግን ሳቅ ነው።

ቀዝቀዝ ሲል ፊልሙን ካቆመበት ቀጠሉት። ሁለት ሰዎች ባቡር ጣቢያው ላይ እያወሩ ነው። መምህሯ ምንም ጉድለት አላየችም፤ ሁሉም ነገር ያማረ መሰላት። ሾፌሩ ግን ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ። ግራ እጁን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተነሣ።

"ድም... ድምፁ..." አለ። "ድምፁ ቀድሟል።"

በአርባ ቀን ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ቅሬታ ነው። መምህሯ ልትጮህ፣ ልታቅፈው፣ ልታለቅስ ፈለገች። እትዬ ሽቦ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት፤ ልክ በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ይመስል ጆይስቲኩን አነሡ።

"ልክ ነህ" አሉ። "ፕሮጀክተሩ ምስሉን ያዘገየዋል። ድምፁንም ልናዘገየው ነው። ንገረኝ። አሁንስ?"

"ገና።"

"አሁንስ?"

"ገና ነው።"

"አሁን?"

"ትን... ትንሽ።"

"ወዴት ትንሽ?"

"ወደ... ኋላ።"

"አሁንስ?"

"አለፈ! መልሺው!"

እንዲህ እያሉ ሩብ ሰዓት ያህል ሄዱ። የተዋናዮቹ ከንፈርና ቃል ገጥሞ፣ ሾፌሩ "ልክ" ብሎ ወደ ኋላ ሲደገፍ፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። መምህሯ የተረዳችው ቆይታ ነው፤ ከእትዬ ሽቦ በስተኋላ ሆና የማስተካከያውን ቁጥር ስታይ ነበርና። እሳቸው ልኩን ያገኙት በአምስተኛው ሙከራ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ሆን ብለው ሲያበላሹት ነበር፤ እሱ እንዲናገር።

ኋላ ወጥ ቤት ውስጥ መምህሯ ብርጭቆ እያጠበች "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች።

"ለምኑ?"

"ለሃያ ስድስት ዓመቱ።"

እትዬ ሽቦ የቧንቧውን መዘጊያ እያዩ ነበር፤ ጠብ ጠብ ይላል። "አውቅ ነበር እኮ" አሉ። "ግን አንድም ቀን ቀዝቃዛ ሻይ አላቀረብሽልኝም። ሰው ከማይወደው ሰው ፊት ያን ያህል መጠንቀቅ ቀላል አይደለም።" ጎንበስ ብለው ቧንቧውን ማጥበቅ ጀመሩ። ይህን ያደረጉት ፊታቸውን እንዳታይ መሆኑ መምህሯ ገባት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት አንድ ፊልም ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቷ ስትመጣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሾፌሩን ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ይዞ አገኘችው። ቀኝ እጁ ዝም ብሎ ከጎን ደግፎ ነው እንጂ አይሠራም፤ ግን ይዟል። ኳሱን አልይዝም ያለው እጅ ማለት ነው።

"ይሄን ማን አሰበው?" አለች።

መምህሯ መሰላሉ ላይ ወዳሉት እትዬ ሽቦ አመለከተች።

ሁለቱ ሴቶች፣ ወጣቷና አሮጊቷ፣ ጠረጴዛው ላይ ጆይስቲኩን መሃል አድርገው አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። የትኛው ጣት መጀመሪያ ይነቃል? የትኛው ይዘገያል? ስንት ደቂቃ ይበቃል? እትዬ ሽቦ በአሮጌ ደብተር ጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት የመኪና መንዳት ጨዋታ ያለበት ዲስክ ይዘው መጡ። ማጫወቻው ቁልፎቹን እንደፈለጉ ማዛወር ይፈቅዳል፤ ስለዚህ መሪው፣ ነዳጁ፣ ፍሬኑ ሁሉ ግራ እጅ ላይ ሆነ።

ሾፌሩ መጀመሪያ ኮርቶ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እውነተኛ አውቶቡስ የነዳ ሰው የግድግዳ መኪና ምን ይሠራለታል? ከዚያ አንድ ጊዜ ሞከረ። ወደ ግንብ ገባ። ሁለተኛ ሞከረ። ገደል ገባ። በሦስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ምላሱን በከንፈሩ ጠርዝ ያዘ፤ መምህሯ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ የዝናብ ቀን ፊቱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ሽቦ ማንም ሳያይ ክላክሱን ወደ ቀኝ አውራ ጣት አዛወሩት። ለአውቶቡስ ሾፌር ክላክስ ትንሽ ነገር አይደለም። እሱ ለሁለት ቀን በግራው ሲፈልገው፣ ሲያጣው፣ ሲበሳጭ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ከፊቱ አንድ መኪና መንገድ ዘጋበት፤ ቀኝ አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ሳሎኑ በክላክስ ድምፅ ተሞላ። እሱ ጣቱን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አፍጥጦ አየው። ከዚያ ደግሞ ነፋው። ደግሞ። ደግሞ። ጎረቤት መጥታ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ ነፋው።

ከወር በኋላ ፍሬኑ ወደ ቀኝ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ነዳጁ።

"አንቺ!" አለ አንድ ቀን እህቱን። "ቁልፌን ማነው የሚነካው?"

"ብልሽት ይሆናል" አሉ እትዬ ሽቦ። "አሮጌ ዕቃ ነው።"

መምህሯን ያስገረማት ግን አነዳዱ ነው። ያ ከአርባ የማያልፍ ሰው፣ ያ "ቀስ በሉ"፣ በግድግዳው ላይ በሁለት መቶ ሰማንያ ይበራል። መታጠፊያ ላይ ፍሬን አይይዝም። የሰው አጥር ጥሶ፣ የገበያ ድንኳን ገልብጦ ያልፋል።

"ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?" አለችው።

"ተሳፋሪ..." አለና ቃሉን ፈለገው፤ አገኘው። "ተሳፋሪ የለማ!"

እንደ ተረት ሁሉ ነገር ድኖ አላበቃም። ዓመቱ ሲሞላ በምርኩዝ ይሄዳል፤ ይናገራል፤ ግን የሚፈልገው ቃል አንዳንዴ ጎረቤት ሄዶ ይቆይበታል። ቀኝ እጁ ማንኪያ ይይዛል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋል፤ እስክሪብቶ ግን ይከብደዋል። መንጃ ፈቃዱን ራሱ ሄዶ መለሰ። መምህሯ አብሬህ ልሂድ ስትለው "አይ" አለ፤ በዚህ ጊዜ አይ ማለቱ አይ ማለት ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ቀን ወሬ አልፈለገም። እትዬ ሽቦ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ምንም አልጠገኑም። እጁን ይዘው አንድ ረጅም ፊልም ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ። መምህሯ በዚያ ቤት ውስጥ የእሳቸው እጅ ያን ያህል ጊዜ ሲያርፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየችም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ነገሩን አልረሳችውም። የምትሠራበት የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል ነበር፤ የተሰበሩ ወንበሮች ይከመሩበታል። ሲኒማ ቤት እንዲሠራበት አለቆቿን ለመነች፤ ፈቀዱ። እትዬ ሽቦ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ መሰላሉ ላይ የምትወጣው መምህሯ ሆነች። ከሥር ቆመው ያዟታል። "ግራውን ስፒከር ትንሽ አዙሪው። አይ፣ ጆሮ ወዳለበት። ሰው ጆሮው ጣሪያ ላይ ነው እንዴ?" መምህሯ አሁን የምስልና የድምፅ ገመዱን በእጇ ዳብሳ ትለያለች፤ ጫፉን ልጣ ትበይዳለች። ተማሪዎቿ ጣቷ ላይ የተቃጠለውን ሲያዩ ምን ሆነሽ ነው ይሏታል፤ "ሲኒማ ቤት እየሠራሁ ነው" ትላቸዋለች።

ልጅቷ ከሄደችበት ከተማ ደውላ "እማዬ፣ ያ የኔ ማጫወቻ አሁንም ይሠራል?" ብላ ስትጠይቅ፣ መምህሯ ሳቀችና "ያንቺ የሚባል ነገር የለም" አለቻት። "አባትሽ አያስነካም። ለማዕከሉ ሌላ ሁለት አግኝተናል፤ ሁለቱም ሞተው ነው የመጡት፤ አክስትሽ አስነሥተዋቸዋል።"

ክፍሉ በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት ሰዎች መጡ። አራቱ ወንዶች ወዲያው መኪናውን ተሻሙበት። ሾፌሩ ምርኩዙን ወንበር ላይ ሰቅሎ መሃላቸው ተቀምጦ ያስተምራል፤ ቃል ሲያጥረው በጆይስቲኩ ያሳያል። አንዷ ሴት ግን ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። በአንድ ጎኗ የደከመች፣ ስድሳውን ያለፈች ሴት ናት። ጨዋታም ፊልምም አልፈልግም አለች።

እትዬ ሽቦ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። "ታዲያ ምን ላምጣልሽ?"

ሴትየዋ አፈረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየፈለገች፣ "ባሕር" አለች። "አይቼ... አላውቅም።"

እትዬ ሽቦ ከወንዶቹ እጅ ጆይስቲኩን ለአፍታ ቀሙ። ኢንተርኔት ውስጥ ገብተው ፈለጉና አገኙ፤ ሰው የሌለበት ጠረፍ፣ ማዕበል ብቻ። መምህሯ መጋረጃውን ሳበች። ግድግዳው በሙሉ ውሃ ሆነ። ድምፁ ከሩቅ ጀምሮ፣ እየቀረበ፣ በሁሉም ስፒከር ዞሮ መጣ፤ ማዕበሉ አሸዋው ላይ ተዘረጋና አረፋው ወደ እነሱ ሮጠ።

ሴትየዋ "ኧረ!" ብላ እግሯን ሰበሰበች። ሁለቱንም እግር፤ የደከመውንም ጭምር።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም ከሁሉ በላይ ሳቀች። ፊዚዮቴራፒስቷ ደብተሯን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። እትዬ ሽቦ ግን ተነሥተው ወደ መስኮቱ እየሄዱ ነበር፤ መቀርቀሪያው እንዴት እንደላላ ከገቡ ጀምሮ ዓይናቸው አርፎበት ነበርና። መምህሯ ካቻቪቴውን ቀድማ ከቦርሳው አውጥታ አቀበለቻቸው።